ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረው ሄንሪ

ቀኑ የልደቱ ቀን ነበር። በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የነበረው ሄንሪ ሞላይሰን ከእናቱና ከአባቱ ጋር በመኪና እየሄደ ሳለ ሰውነቱ በድንገት ተገትሮ ደረቀ፤ ቀጥሎም ይንዘፈዘፍ ጀመር። ወላጆቹ በልጃቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። አልፎ አልፎ እንደሚፈዝ ግን ያውቁ ነበር። ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ የሚመላለስበት ነገር ነበረ፦ ለ40 ሰከንድ ያህል ሲጠሩት አይመልስም፣ አፉን ይከፍታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እጆቹንና እግሮቹን ያጣምራል፤ ከዚያ ይመለሳል። ሲጠየቅ፣ በዚያች አፍታ በዙሪያው የሚባለውን በግማሽ ጆሮ እሰማለሁ ይል ነበር።

ይህቺ ግማሽ ጆሮ ሐኪሞቹ በጉዳዩ መዝገብ ላይ ካሰፈሩት ሁሉ ይበልጥ ትነካኛለች። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚፈዝ ልጅ በመምህሩ ዓይን ሰነፍ ነው፤ ገበታ ላይ የሚፈዝ ልጅ በእናቱ ዓይን ሐሳበኛ ነው። ልጁ ግን ውስጥ ሆኖ ስሙ ሲጠራ እየሰማ መልስ ያጣል።

ሁለቱም የሚጥል በሽታ መልኮች ናቸው፤ መፍዘዙ ትንሹ ነው፣ በልደቱ ቀን የመጣው ትልቁ ነው። ትልቁ ሲመጣ ምልክት አይሰጥም። ሄንሪ ራሱን ይስታል፣ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱን ይነክሳል፣ ሽንቱ ያመልጠዋል፤ ሲያበቃም ረጅም እንቅልፍ ይጥለዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሹና ትልቁ አብረውት ኖሩ።

ሄንሪ ሞላይሰን በሕይወት ሳለ ዓለም የሚያውቀው ኤች.ኤም. በሚሉ ሁለት ፊደላት ብቻ ነበር። ስሙ የተገለጠው በ2008 በ82 ዓመቱ ከሞተ በኋላ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ እሱ የሚጽፉ ሰዎች ታሪኩን የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ከኦገስት 25 ቀን 1953 ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ። ከዚያ ወዲያ ያለው በእርግጥም አስደናቂ ነው፤ አዲስ ነገር ማስታወስ የማይችል ሰው ሆኖ 55 ዓመት ኖረ፤ የማስታወስ ሳይንስም ከእሱ ብዙ ተማረ። እኔን የሚያሳስበኝ ከጠረጴዛው በፊት ያለው ነው። አንድ የ27 ዓመት ወጣት ሐኪሙ ራሱ ሙከራ ነው ብሎ ላመነው ቀዶ ሕክምና ጭንቅላቱን እንዲሰጥ ያደረሰው ምንድን ነው?

ሄንሪ የተወለደው በፌብሩዋሪ 1926 በኮነቲከት ግዛት፣ በማንቸስተር ከተማ ነው። ለወላጆቹ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። በልጅነቱ የብስክሌት አደጋ ደርሶበት ጭንቅላቱ ተመትቷል። በአባቱ ወገን ደግሞ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ዘመዶች ነበሩ። ቤተሰቡ እንደማንኛውም ቤተሰብ ሁለቱንም እያነሳ ጥሏል። ብስክሌቱ ይሆን? የዘር ይሆን? አደጋው ቀላል ነበር፣ በአደጋውና በመጀመሪያው መፍዘዝ መካከልም ጊዜ አልፏል፤ የዘመዶቹ ሕመም ምስክር ይመስላል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ምርመራውም አላገዛቸውም። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ዛሬ በሆስፒታሎቻችን ኢ.ኢ.ጂ. የምንለው፣ ያኔ ገና ወጣት ነበር፤ ጀርመናዊው ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል ሞገድ መዝግበው ያሳተሙት በ1929 ነው። የሄንሪ ምዝገባ በጠቅላላው ዘገምተኛ ሞገድ አሳየ፤ ከዚህ ቦታ ይነሳል የሚያሰኝ አንድም ነጥብ ግን አልተገኘም። ሲቲ ስካንም ሆነ ኤም.አር.አይ. ባልነበረበት ዘመን የአንጎልን ቅርጽ ለማየት የሚቻለው በአከርካሪ በኩል አየር አስገብቶ ራጅ በማንሳት ነበር፤ ለቀናት የሚዘልቅ ራስ ምታት የሚያስከትል ምርመራ ነው። ይህንንም አለፈ። ውጤቱ ጤናማ ሆነ።

ጤናማ የሚለው ቃል በዚህ ቦታ ክፉ ቃል ነው። የሚጥለው ሰው "ምንም የለብህም" ሲባል እፎይ አይልም። ይጥለዋልና። ቤተሰቡም በዚያ ባዶ ቦታ የየራሱን መልስ ያስቀምጥበታል፤ አንዱ እርግማን፣ አንዱ ቁጣ፣ አንዱ ያለፈ ኃጢአት። ዛሬም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሚጥል በሽታ ታማሚዎች የግማሽ ያህሉ መነሻ አይታወቅም። የሄንሪ መዝገብ ያኔ ብርቅ አልነበረም፤ አሁንም ብርቅ አይደለም።

ትምህርት ቤት ልጆቹ አላገጡበት። ሄንሪም አቋረጠ። ለተወሰነ ጊዜ ቤት ከተቀመጠ በኋላ በሌላ ከተማ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1947፣ በ21 ዓመቱ፣ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ። ጓደኞቹ በ18 ዓመታቸው የሚጨርሱትን በ21 መጨረስ ለብዙዎች ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ተጥሎ ተነስቶ፣ ተስቆበት ሄዶ፣ እንደገና ተመልሶ ከልጆች ጋር መቀመጥ ግን ወኔ ይጠይቃል። ሽልማቱስ? በምረቃው ቀን መድረክ ላይ ሳለ ይወድቃል ተብሎ ስለተፈራ ከተመራቂዎቹ ጋር እንዳይወጣ ተደረገ፤ ከወላጆቹ ጋር ተቀምጦ የሌሎቹ ስም ሲጠራ ሰማ።

ይህን ሳነብ አገሬን አሰብኩ። እኛም ዘንድ የሚጥለው ልጅ ከሰርግ ይቀራል፣ ከውሃ መቅጃ ይቀራል፣ ከእሳት አጠገብ ይከለከላል፤ ግማሹ ለደኅንነቱ ነው፣ ግማሹ ግን ለእኛ እፍረት ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ የከለከለው ሰው ራሱ አይለየውም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰው መርምረው በ1990 ባሳተሙት ጥናት የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኝተዋል፤ ከ1,000 ሰው አምስት ያህል ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለበሽታው የታወቀውን መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቅጠል፣ ጸበልና ክታብ ግን በየቤቱ ነበር። እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉም ነበሩ።

አሜሪካ ሠልጥና ነበር ብሎ ለመደምደም የሚቸኩል ካለ አንድ ነገር ይስማ። ሄንሪ የተወለደባት ኮነቲከት በ1895 የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው፣ ሴቲቱ 45 ዓመት ሳይሞላት፣ እንዳያገባ በሕግ የከለከለች ግዛት ናት፤ በዚያ አገር እንዲህ ያለ ሕግ በማውጣት የመጀመሪያዋ ናት። የጣሰ እስራት ይጠብቀው ነበር። ልጆች እንዳይወለዱ ነው ዓላማው። ሕጉ ከወጣ ከ31 ዓመት በኋላ የተወለደው ሄንሪ ዕድሜውን ሙሉ አላገባም።

ሥራ ግን ሠራ። ሞተር በሚጠቀለልበት ቤት ሽቦ ጠቀለለ፤ በኋላም በሃርትፎርድ ከተማ የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ ውስጥ በመገጣጠሚያ መስመር ላይ ቆመ። መኪና መንዳት ስለማይችል ጎረቤት ይወስደው ነበር። የጎረቤት መኪና፣ የእናት ዓይን፣ የአባት ዝምታ፤ አንድ የሚጥለው ወጣት ኑሮውን የሚያቆመው በእንዲህ ያሉ ትንንሽ ማገሮች ላይ ነው። አንዱ ሲነሳ ቤቱ ያዘምማል።

መድኃኒቱም ነበረ። ፌኖባርቢታል ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ይታዘዛል፤ ዛሬም በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሰጠው ያው ነው። በአሜሪካ ፌኒቶይን፣ በንግድ ስሙ ዲላንቲን፣ ለሚጥል በሽታ እንደሚሠራ የታወቀው በ1938 ነው። ሄንሪ ሁለቱንም፣ ከእነሱም በተጨማሪ ሌሎችን፣ በከፍተኛ መጠን ወስዷል። ፌኖባርቢታል ያደነዝዛል፣ ያስተኛል። ዲላንቲን ሲበዛ አረማመድን ያወላግዳል፣ ድድን ያሳብጣል፤ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የሄንሪ አንጎል በኤም.አር.አይ. ሲታይ ሚዛን የሚጠብቀው የኋለኛው ክፍል፣ ሴሬቤለም፣ ተሸማቅቆ የተገኘው ተመራማሪዎቹ እንዳሉት ከዚሁ መድኃኒት የተነሳ ነው። እንግዲህ በሃያዎቹ ዕድሜው ፋብሪካ ላይ ሲደናቀፍ ያዩት ሰዎች በሽታውን ነው ያዩት ወይስ መድኃኒቱን? ይህ ጥያቄ ዛሬም ክኒን ለሚውጥ ወጣት ሁሉ ይሠራል፤ "ከበደኝ" ሲል ሰነፍክ ከማለት በፊት ስንት እንደሚውጥ መጠየቅ ይቀድማል።

ይሁን እንጂ መጣሉ ባሰ። በ27 ዓመቱ ትንሹ በቀን እስከ አሥር ጊዜ፣ ትልቁ በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ይመጣ ነበር። ሥራ ቀረ። ቤት ዋለ።

እዚህ ላይ ዶክተር ዊሊያም ቢቸር ስኮቪል ይገባሉ። በሃርትፎርድ ስመ ጥር የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ በአእምሮ ሕሙማን ላይ ብዙ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። የዘመኑ እምነት የአንጎል ክፍል በመቁረጥ ባሕርይን ማርገብ ይቻላል የሚል ነበር። ስኮቪል የራሳቸውን ዘዴ እያሻሻሉ ከአንጎል ውስጠኛ ጎን፣ ሂፖካምፐስ ወደሚባለው ክፍል፣ ደርሰው ነበር። ከዚያ አካባቢ የሚጥል በሽታ እንደሚነሳ ይታወቅ ነበርና ለሄንሪም ይኸው ታሰበ፤ ከሁለቱም ጎን ማውጣት።

ጉዳዩን ደጋግሜ ባነበብኩ ቁጥር የምቆመው በዚህ ቦታ ነው። በካናዳ ሞንትሪያል ዶክተር ዋይልደር ፔንፊልድ የሚጥል በሽታን በቀዶ ሕክምና ሲያክሙ መጀመሪያ መነሻውን ይፈልጉ ነበር፤ ካገኙት ያንን ጎን ይቆርጣሉ፣ ሌላውን ይተዋሉ። በሄንሪ አንጎል መነሻ አልተገኘም። በአንድ ሐኪም ሚዛን ይህ "እንግዲያው አትቁረጥ" ማለት ነው። በስኮቪል ሚዛን ግን "ግራ ይሁን ቀኝ ካልታወቀ ሁለቱንም" ሆነ። ያልታወቀው ነገር መጠበቂያ ምክንያት መሆን ሲገባው ለመቁረጥ ፈቃድ ሆነ።

ስኮቪልን ጭራቅ አድርጎ መሳል ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልችልም። በ1957 ከሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ቀዶ ሕክምናው ግልጽ ሙከራ እንደነበረ ራሳቸው ጽፈዋል፤ የታካሚውና የቤተሰቡ ግንዛቤና ይሁንታ እንደነበረበትም። ይሁንታው እውነት ነበር ብዬ አምናለሁ። በቀን አሥር ጊዜ ከኑሮው የሚጠፋ፣ ሥራው የቀረ፣ ምረቃው ከወላጆቹ ወንበር ላይ ያለፈ ወጣት "ሊቀንስልህ ይችላል" ሲባል እንዴት እምቢ ይላል? ሰው ሲቸግረው የሚፈርመውን ወረቀት ያልፈረመ አያውቀውም። ጥያቄዬ ግንዛቤ ስለሚለው ቃል ነው። ስኮቪል ራሳቸው የማያውቁትን ለሄንሪ እንዴት አስገነዘቡ? ቀደም ብለው የቆረጧቸው ሰዎች በከባድ የአእምሮ ሕመም የተያዙ ስለነበሩ ማስታወሳቸው ይጉደል አይጉደል ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ሄንሪ ሙሉ አእምሮ ይዞ የገባ ነው። የጠፋው ወዲያው ታየ።

ቀዶ ሕክምናውን ባጭሩ ልንገር። ከቅንድቡ በላይ ሁለት ቀዳዳ ተከፈተ፤ ሄንሪ ነቅቶ ነበር። የፊተኛው አንጎል በጠፍጣፋ መሣሪያ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ከውስጠኛው ጎን ያለው ክፍል ከግራም ከቀኝም በመምጠጫ ቱቦ ወጣ። ስኮቪል ያወጡት ስምንት ሴንቲ ሜትር መስሏቸው ነበር፤ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ በምስል ሲለካ አምስት ያህል ሆኖ ተገኘ።

መጣሉ ቀነሰ። ይህ መነገር አለበት፤ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ትልቁ በዓመት ውስጥ የሚቆጠር ሆነ። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም፤ መድኃኒቱንም አላስተወውም። ማለትም የመጣበትን ጉዳይ በከፊል አሳካ፤ ለዚህ የከፈለው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቀን ሁሉ ነው። በኤፕሪል 1955 ዕለቱን ሲጠየቅ ማርች 1953 ነው አለ፤ ዕድሜውንም 27። የማሰብ ችሎታው አልተነካም፤ እንዲያውም ውጤቱ ከቀድሞው ከፍ ብሎ 112 ተመዝግቧል። ሚልነር በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ሲያሠለጥኑት በየቀኑ እጁ እየተካነ ሄደ፤ እሱ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሞክሮ እንደሚያውቅ አያስታውስም። ከዚህ የተማርነው ማስታወስ አንድ ዕቃ እንዳልሆነ ነው፤ የእጅ ልምድ ሌላ ቤት አለው፣ የትናንት ወሬ ሌላ ቤት።

በኋላ የአንጎል ተመራማሪዋ ሱዛን ኮርኪን ለዓመታት ተከታተሉት። ስለ ድሮ ምኞቱ ሲጠየቅ የአንጎል ቀዶ ሐኪም መሆን እፈልግ ነበር ብሏል። ለምን እንደተወው ሲያስረዳ፣ መነጽር አደርጋለሁ፤ ደም ተፈናጥሮ መነጽሬን ቢሸፍነው ማየት ያቅተኝና ሰውየውን ልጎዳው እችላለሁ አለ። ይህን ሲል የምን ያህሉ ከምኞቱ፣ የምን ያህሉ ከደረሰበት እንደመጣ ማንም አልጠየቀውም፤ ቢጠይቀውም ጥያቄው ከአፍታ በኋላ ይጠፋበት ነበር።

ሁለቱም ሂፖካምፐስ በእንዲህ ያለ መንገድ እንዲወጣ ዛሬ ማንም አይፈቅድም። ስኮቪል ራሳቸው ባልደረቦቻቸውን አስጠንቅቀዋል። የ27 ዓመቱ ሄንሪ ዛሬ ሐኪም ቤት ቢገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ሲጥለው ያየ ሰው ማን ነው የሚል ይሆናል፤ ታማሚው ራሱ አያየውምና። ከዚህ የተነሳ አጠገብ ያለ ሰው በስልኩ የቀረጸው አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ብዙ ወረቀት ይተካል። ምስል ይነሳል፤ የአንጎል ሞገድ ምዝገባው ከቪዲዮ ጋር ለቀናት ይቀጥላል፤ በአግባቡ የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች ካልያዙት ለመድኃኒት የማይበገር ይባልና ከፍ ወዳለ ማዕከል ይላካል። ቀዶ ሕክምና ቢታሰብ እንኳ ከመቁረጡ በፊት የማስታወስ ፈተና ይሰጣል፤ ያ ፈተና የሚሰጥበት ምክንያት ሄንሪ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም መነሻው ሊሰወር ይችላል። ያም ሆኖ በአግባቡ ከታከሙ ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሳይጥላቸው መኖር እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ምክንያቱን ማወቅና መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ትቶ ዓመቱን በመጀመሪያው ፍለጋ ይጨርሳል።

በሰፈራችን ሰው ሲወድቅ ቀድሞ የሚፈለገው ክብሪት ነው፤ ጭሱን አፍንጫው ላይ ያጨሱበታል። ጭሱ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ቆሞ ከሆነ ጊዜው ደርሶ ነው። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጨርቅ መክተት ጥርስ ይሰብራል፣ መተንፈሻ ይዘጋል። ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ሲረጋጋ በጎኑ ማስተኛት፣ ሰዓት ማየት፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት። ይህን በምረቃው ቀን አንድ መምህር ቢያውቅ ኖሮ ሄንሪ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር ይሆን እላለሁ። ቢወድቅስ? ወድቆ ይነሳ ነበር፤ በ21 ዓመቱ ይህን ከማንም በላይ ለምዶታል።

ሄንሪ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2009፣ በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ አንጎሉ በረዶ ሆኖ ለ53 ሰዓት ተከተፈ። ሥራው በኢንተርኔት በቀጥታ ይታይ ነበር። ከእያንዳንዱ ቁራጭ ፎቶ ተነስቶ ምን ያህል እንደወጣ፣ ምን ያህል ሂፖካምፐስ እንደቀረ፣ በግራ የፊት ክፍል ላይም ቀድሞ ያልታወቀ ትንሽ ጉዳት እንደነበረ ተጻፈ። ቁራጮቹ 2,401 ነበሩ። በኮነቲከት አንድ የአሥር ዓመት ልጅ እጁን አጣምሮ፣ ስሙን በግማሽ ጆሮ እየሰማ ለምን እንደሚፈዝ ግን አንዱም አልተናገረም።